የእቴጌ መነን ታሪክ፤ ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ ስለ ማስተማር

በጎጃም በሊበን አገር፥ ከቡሬም እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር፥ በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር የተቀመጠች መበለት ማየት የተለመደ ነው። አላፊው ሰው ጥቂት ሳንቲም ወይም አንድ እፍኝ እህል ይሰጣታል፤ እርስዋም መርቃ ትቀበላለች፤ ሰጪውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። በሚመጣው ገበያ ግን መበለቲቱ በዚያው ስፍራ ትገኛለች። ምጽዋት መልካም መሆኑን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ለዚህች ሴት ከሳንቲሙ የሚበልጥ ስጦታ አለ፤ ይኸውም በእጅዋ ሠርታ የምትኖርበት ሙያ ነው። ይህን ተረድተው በሥራ ከገለጡት ሰዎች አንዲቱ እቴጌ መነን አስፋው ስለ ሆኑ፥ ሕይወታቸውን በአጭሩ እንናገራለን። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እቴጌ መነን የተወለዱት በወሎ በአምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፥ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ናቸው። የክርስትና ስማቸውም ወለተ ጊዮርጊስ ነበረ። እንዲህ ካለ ትልቅ ቤት የተወለደች ልጅ ችግር ምን እንደ ሆነ አታውቅም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ የቃል ኪዳን መያዣ ነበረች። ሁለት ወገኖች ሲታረቁ ወይም ሲዋዋሉ እርስዋ ትሰጥ ነበር፤ ስምምነቱ ሲፈርስም ትዳሩ አብሮ ይፈርሳል። መነንም ገና በልጅነታቸው ለባል ተሰጡ። በ1911 ዓ.ም. አጎታቸው ልጅ ኢያሱ ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን እስኪያጋቧቸው ድረስ ከሌላ ትዳር አራት ልጆች ወልደው ነበር።

የገበሬ ልጅም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ የሚታየው ትዳሩ ሲፈርስ ነው። የመኰንን ልጅ ወደ አባትዋ ግቢ ትመለሳለች፤ አሽከርና ርስትም ይጠብቋታል። የገበሬይቱ ልጅ ግን ልጅዋን አዝላ ወደ አባትዋ ጎጆ ስትመለስ መሬቱን ወንድሞችዋ ይዘውታል። የወንድም ሚስት እንጀራ ስትቈጥርባት ጥቂት ጊዜ ትታገሣለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ ወርዳ በሰው ቤት ትገረዳለች፥ ወይም ጠላና አረቄ ትሸጣለች፤ ከዚህም ወደ ባሰ ነገር የምትገባ አለች። በእንዲህ ያለችው ሴት ላይ የሚፈርደው ሰው ብዙ ነው። አስቀድሞ ምን ሙያ በእጅዋ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በ1916 ዓ.ም. በሰገሌ የሆነው ጦርነት በመነን ቤት ላይ ከባድ ነገር አመጣ። አጎታቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ስለ ወረዱ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ዘምተው መጡ፤ ድል ሆነውም ተማረኩ። ድል ያደረገው የሸዋ ጦር በአልጋ ወራሽነት ያቆመው የመነንን ባል ነበረ። እንግዲህ በአንድ ቀን የባል ቤት ሲከብር የአባት ቤት ወደቀ። እርሳቸው ግን ከባላቸው ሳይለዩ ልጆቻቸውን ማሳደግ ቀጠሉ።

በ1930 ዓ.ም. በኅዳር ወር ባለቤታቸው ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፥ መነንም በዚያው ቀን የእቴጌነትን ዘውድ ተቀበሉ። በሚከተለው ዓመት በ1931 በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን ወደ አስኳላ መስደድ እንደ ነውር የሚቈጥር ወላጅ እጅግ ብዙ ነበረ። ስለዚህ የእቴጌይቱ ስም በበሩ ላይ መጻፉ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ለተጠራጠረ አባት ዋስ ነበረ። በዚያም ከፊደልና ከቋንቋ ጋር ስፌትና የቤት አያያዝ ይማሩ ነበር። ከዚህ ሌላ ደግሞ በስማቸው የተጠራ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ነበረ፤ ምንጣፍ መሥራትና ጥልፍ መጥለፍ ይማሩበት ነበር።

በዚህ ነገር ጥቂት መቈየት ይገባናል። በአገራችን የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን የተናቀ ነበረ። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዪቱ ቡዳ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር፤ ከእነርሱም ጋር መጋባት ውርደት ይመስል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይሻርም። የደጃዝማች ልጅ ተቀምጣ መርፌና ክር ስትይዝ፥ የምንጣፍ ቋጠሮ ስትቋጥር የታየች ቀን ግን ስድቡ ጥቂት ኀይል አጣ።

የጎጃም ሴት ሥራ አታውቅም ማለታችን አይደለም። እርስዋ ጥጡን በመዳመጫ ትዳምጣለች፥ በደጋን ትነድፋለች፥ በእንዝርትም እስከ እኩለ ሌሊት ትፈትላለች። ስንደዶና አክርማ ሰብስባ ሰፌድና መሶብ ትሰፋለች። ነገር ግን ፈትሉን በገበያ ስትሸጥ የምታገኘው ጥቂት ነው፤ ዋጋው ከሸማኔው እጅ ካለፈ በኋላ ያድጋል፥ ጥለቱና ጥልፉ ሲገባበት ደግሞ ይበልጣል። መፍተል ብቻ የምታውቅ ሴት ከሥራው ሁሉ ዝቅተኛውን ዋጋ ትወስዳለች። መስፋትና መጥለፍ ብትጨምርበት፥ ቁጥርም አውቃ ሒሳብዋን በራስዋ ብትይዝ፥ ያው ጥጥ ልጆችዋን ሊያበላላት ይችላል። በሐዋርያት ሥራ የምትነገረው ጣቢታ ለመበለቶች ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ይህ የሚመሰገን ነው። መበለቲቱን መስፋት ማስተማር ግን ከዚያው ፍቅር የወጣ፥ እንዲያውም ከዚያ አልፎ የሚሄድ ይመስለናል።

በ1935 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሊወር በተነሣ ጊዜ እቴጌይቱ የኢትዮጵያን ሴቶች በማኅበር ሰበሰቡ። ወይዛዝርቱ ለቍስለኛ የሚሆን መጠቅለያ ያዘጋጁ፥ ለወታደርም ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም በዚህ ሥራ ትጉ ነበሩ። መርፌን የናቁ ሰዎች በዚያ ወራት ዋጋውን ዐወቁ።

በ1936 ዓ.ም. በግንቦት ወር የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ፤ በኋላም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ። የዚያ አገር ብርድ ለእቴጌይቱ ጤና ስላልተስማማ ብዙ ጊዜ በኢየሩሳሌም ቈዩ። ልዕልት ፀሐይ ግን በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የአስታማሚነትን ትምህርት ተማሩ፤ በ1939ም ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ ሕፃን ቍስል ልታጥብ ስትጐነበስ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ነበረ። እናት ያስጀመሩትን ልጅ በገዛ እጃቸው ፈጸሙት ብንል አንሳሳትም።

በ1941 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ገብተው በጎጃም በኩል ሲመለሱ ቡሬ ላይ ሰፍረው ነበር። ወጀት ይባል የነበረውም ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለው በዚያ ጊዜ ነው። እቴጌይቱም በዚያው ዓመት ከስደት ተመለሱ። በጠላት ዘመን ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤት ዳግመኛ ተከፈተ፤ በኋላም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ዋና አስተዳዳሪው ሆኑ። የሴቶቹም ማኅበር የበጎ አድራጎት ማኅበር ሆኖ ስፌትና ጥልፍ፥ ንባብና ጽሕፈት፥ የሕፃናት አያያዝም ማስተማር ያዘ፤ ቅርንጫፎችም በየአውራጃው ከተማ ተከፈቱለት።

ደስታው ግን ረጅም አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ በ1942 በነሐሴ ወር በነቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። እናቲቱ አስቀድመው ልዕልት ዘነበወርቅን ቀብረው ነበር፤ በ1957ም ልዑል መኰንንን ቀበሩ። ስለ ፀሐይ መታሰቢያ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠርቶ በ1951 ተከፈተ፤ በዚያም ሴቶች ልጆች አስታማሚነትን ተማሩ። በወሊድ የሞተችው ሴት መታሰቢያዋ ሌሎችን ሴቶች ሙያተኞች የሚያደርግ ቤት መሆኑ የቀብር ሐውልት ከማቆም የተሻለ አሳብ ነበረ።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ከዚህ ሥራ አብዝተው የተጠቀሙት በከተማ የሚኖሩት ናቸው፤ በመጀመሪያው ዘመን ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡትም በብዛት የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ። በሊበን ወይም በቡሬ ዙሪያ በገጠር የምትፈትለው ሴት ስለ ምንጣፉና ስለ ጥልፉ ሳትሰማ ኖራ የሞተች ብዙ ናት። እቴጌይቱን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው። ሆኖም መንገድ በሌለበት፥ መምህርት በማትገኝበት፥ ወላጅ ልጁን በሚሸሽግበት ዘመን አንዱን ቤት በከተማ መክፈት ራሱ ብዙ ድካም ነበረ። በከተማ የሠለጠነችው ልጅ ተመልሳ በገጠር ልታስተምር ይገባ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በከተማ ቀሩ። የዚህም ዕዳ የአንዲት እቴጌ ብቻ አይደለም፤ ተምረን ወደ መንደራችን ያልተመለስን ሁሉ እንካፈለዋለን።

እቴጌ መነን በመጨረሻ ዘመናቸው በበሽታ ብዙ ተሠቃዩ። በየካቲት 15 ቀን 1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐርፈው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በዚያው ዓመት ታናሹ ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተከተሏቸው። የባለቤታቸው ዐፅም በ2000 ዓ.ም. በአጠገባቸው አርፏል። ከ1974 አብዮት በኋላ የትምህርት ቤቱ ስም የካቲት 12 ተብሎ ተለወጠ፤ ሴቶች ልጆች ግን በዚያው በር ወደ ትምህርት መግባታቸውን አላቋረጡም።