ከአንዲት ዶሮ የተገኘ እውቀት
የዶክተር ፔይቶን ሩስ ሕይወት

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ያገራችን ሰው። በሕክምና ምርምር ታሪክ ይህ ተረት እንደ ፔይቶን ሩስ ሕይወት የሚስማማው ጥቂት ነው። እኒህ ሐኪም በአንዲት ዶሮ ላይ የደረሱበት ነገር ታላቁን ሽልማት እስኪያስገኝላቸው ድረስ 55 ዓመት ፈጅቷል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩስ በ1879 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። በጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ሲማሩ፥ ሬሳ በመመርመር ላይ ሳሉ ጣታቸው ቆስሎ የቲቢ በሽታ ያዛቸው። ስለዚህ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቴክሳስ በመሄድ ከከብት አርቢዎች ጋር አንድ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ጤናቸው ተመልሶ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በ1909 በኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር የምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ደረቷ ላይ ዕባጭ የወጣባት አንዲት ዶሮ ወደ ላቦራቶሪያቸው መጣች። ሩስ ከዕባጩ ቆርጠው ለቅርብ ዘመዶቿ ቢያዛውሩት አደገ። ቀጥለውም ዕባጩን ፈጭተው ሴልም ሆነ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለሉና የጠለለውን ውሃ ብቻ ጤነኛ ዶሮዎችን ወጉበት። እነዚህም ካንሰር ያዛቸው። እንግዲህ በዚያ ውሃ ውስጥ ከባክቴሪያ ያነሰ በሽታ አምጪ ነበረ ማለት ነው፤ ይኸውም ቫይረስ ነው። ሩስ ይህን በ1911 አስታወቁ።

የጊዜው ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ስላልታየ ቫይረስ ያመጣዋል ማለት እንግዳ ነገር ሆነባቸው፤ አንዳንዶቹም የዶሮዋ ዕባጭ እውነተኛ ካንሰር አይደለም አሉ። ሩስም በአይጥ ላይ ደጋግመው ቢሞክሩ ስላልሆነላቸው ሥራውን ተዉት። ሆኖም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከባልደረባቸው ከተርነር ጋር፥ ደም በሲትሬትና በስኳር ለሳምንታት ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ አገኙ። በ1917 በጦር ግንባር ለቁስለኞች ደም አስቀድሞ ማጠራቀም የተቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

በ1933 ባልደረባቸው ሪቻርድ ሾፕ በጥንቸል ላይ ኪንታሮት የሚያወጣ ቫይረስ በማግኘታቸው ሩስ ወደ ቀድሞው ጥያቄያቸው ተመለሱ። ኪንታሮቱ እየቆየ ወደ ካንሰር እንደሚለወጥ፥ ካንሰርም በአንድ ቀን የሚፈጠር ሳይሆን በየደረጃው የሚያድግ መሆኑን አሳዩ። በ1966፥ በ87 ዓመታቸው፥ ከቻርልስ ሀጊንስ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በ1970 ዓ.ም. አረፉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ያልታመኑት ሩስ ራሳቸው ሌላውን ማመን አቅቷቸው ነበር። ካንሰር የሚነሣው የውርስ መልእክት ተሸካሚ የሆኑት ጂኖች ሲለወጡ ነው የሚለውን አሳብ እስከ እርጅናቸው ድረስ አጥብቀው ተቃውመዋል። ነገር ግን በ1976 ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ከጓደኞቻቸው ጋር የሩስን ቫይረስ ቢመረምሩ፥ ካንሰር የሚያመጣው ጂን መሠረቱ ከጤነኛ ዶሮ ሴል የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጂን ለሴል የእደግ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ይሠራል፤ ሲበላሽ ግን ትእዛዙ ማቆሚያ ያጣል። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒትም፥ ከዚህ ፕሮቲን ጋር የሥራ ዝምድና ያለውን ሌላ ፕሮቲን በመግታት ይሠራል።

እንግዲህ የሩስ ሙከራ መጀመሪያ ተቃዋሚዎቻቸውን ረታ፤ በኋላም የሩስን የገዛ አሳብ ረታ። በጥንቃቄ የተሠራ ሙከራ ለሠሪውም እንኳ አያደላም። ሕመምተኛ ፈውስ የሚጠብቀውም ከሊቃውንት ክብር ሳይሆን ከእንዲህ ያለው ሥራ ነው።