ሠዓሊው ፎቲስ ኮንቶግሉና ፈረሰኞቹ ሰማዕታት

በግሪክ አብያተ ክርስቲያናት የፈረሰኛውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ቀርቦ የተመለከተ ሰው፥ ሰማዕቱ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ፊቱ እንደማይቈጣ ያስተውላል። ይህ የአሣሣል ሥርዐት ከመቶ ዓመት በፊት በገዛ አገሩ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። ግሪክ ነጻ ከወጣች በኋላ ከጀርመን የመጡ ሠዓልያንና እነርሱን የተከተሉ የአገሩ ሰዎች ቅዱሳንን እንደ ምዕራባውያን በሥጋ ውበት መሣል አስለምደው ነበርና። በእኛም አገር የውጭ የወረቀት ሥዕል የአባቶችን ሥዕል ሲያስለቅቅ ያየን ካህናት ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብንም። ጥንታዊውን ሥርዐት ለመመለስ ከሁሉ ይልቅ የደከመው ፎቲስ ኮንቶግሉ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኮንቶግሉ በ1895 ዓ.ም. በትንሹ እስያ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በአይቫሊ ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት፥ የእናቱ ወንድም የነበሩት የቅድስት ጳራስኬዋ ገዳም አበምኔት አባ እስጢፋኖስ አሳደጉት። የአባቱን ሳይሆን የእናቱን ቤተ ሰብ ስም የያዘውም ስለዚህ ነው። በአቴና የሥዕል ትምህርት ተማረ፤ ወደ ፓሪስም ሄዶ የዘመኑን ጥበብ አየ፤ ለመጽሐፍ በሣላቸው ሥዕሎችም ተሸለመ።

በ1919 ዓ.ም. ወደ አይቫሊ ቢመለስም በሰላም የኖረው ጥቂት ጊዜ ነው። በ1922 ዓ.ም. የግሪክ ጦር ድል በሆነ ጊዜ የከተማይቱ ክርስቲያን ሕዝብ ተሰደደ፤ ከተማረኩት ወንዶችም ብዙዎቹ አልተመለሱም። እርሱ ወደ ሌስቦስ ደሴት ተሻግሮ ከሞት ተረፈ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ደብረ አቶስ ወጥቶ በገዳማቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን የጥንት ሥዕሎች እየተመለከተ ይገለብጥ ጀመር። አይቫሊ ባትጠፋበት ኖሮ ምናልባት የፓሪስን መንገድ በተከተለ ነበር፤ ይህን ግን እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚያ በኋላ በሚስትራ ያረጁ የግድግዳ ሥዕሎችን አደሰ፤ በካይሮም በቅብጥ ቤተ መዘክር ሠርቶ የእኅት ቤተ ክርስቲያናችንን ጥንታዊ ሥዕሎች በቅርብ ዐወቀ።

ፈረሰኞቹን ሰማዕታት ሲሥል ከአባቶች የተቀበለውን መልክ አልለወጠም። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፥ ድሜጥሮስ በቀይ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ጢም የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። በድሜጥሮስ ፈረስ እግር ሥር ሰው ገዳዩ ልያዮስ ወድቋል። ገድሉን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይጠይቅ ይሆናል፤ ልያዮስን በእጁ የገደለው ወጣቱ ንስጥሮስ ነው እንጂ ድሜጥሮስ አይደለምና። ድሜጥሮስ በዚያን ሰዓት በወኅኒ ሆኖ ስለ ንስጥሮስ ይጸልይ ነበር። ሠዓሊው ጦሩን በድሜጥሮስ እጅ ያስያዘው ድሉ የጸሎቱ መሆኑን ሊያሳይ ነው። በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ከሐዲውን ዑልያኖስን ሲወጋ ይሣላል፤ ሰማዕቱ ግን በሥጋ ካረፈ በዚያን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥዕል ውስጥ የቍጣ ፊትና የጡንቻ ኀይል ምን ይሠራሉ? ኮንቶግሉ ከምዕራባውያን ሥርዐት ጋር የተጣላበት ነገር ይህ ነው።

የአሠራሩም መንገድ እንዲህ ነው። ቀለሙ በእንቁላል አስኳል ይለወሳል፤ ፊት ሲሣል አስቀድሞ ጥቁር ቀለም በሙሉ ይቀባል፤ ከዚያም በላዩ ላይ ብርሃኑ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። በውጭ ካለ ፀሐይ የሚመጣ ጥላ በዚህ ሥዕል ውስጥ የለም።

በጀርመን ወረራ ዘመን አቴና በተራበች ጊዜ ኮንቶግሉ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ግድግዳውን የሣለበትን ቤቱን ስለ እህል ሸጠ። እነዚያ የግድግዳ ሥዕሎች በኋላ ከግድግዳው ተላቀው በአቴና ብሔራዊ የሥዕል ቤት ተቀምጠዋል። ቤት አልባ ሆኖም ሥራውን አልተወም፤ በ11ኛው መቶ ዘመን በተሠራችው በካፕኒካሬያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ላይ የሣለው በነዚያ የችግር ዓመታትና ከዚያ በኋላ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ኤክፍራሲስ የተባለውን ሁለት ክፍል መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚህም ቀለም ከመለወስና እንጨት ከማዘጋጀት ጀምሮ እያንዳንዱ ቅዱስ በምን መልክ እንደሚሣል አስተማረ። የአቴና አካዳሚም ስለዚህ መጽሐፍ ሸለመው። ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. በአቴና ዐረፈ። ደቀ መዛሙርቱም የቀሩትን አብያተ ክርስቲያናት መሣላቸውን ቀጠሉ።