የአበበ ሌላው ሩጫ

ልደታ ላደግን ልጆች አበበ ቢቂላ ማለት መጀመሪያ ስታዲየሙ ነው። አበበ ቢቂላ እንገናኝ፣ አበበ ቢቂላ ጨዋታ አለ እንባባላለን፤ ሰውየው ከሜዳው ጀርባ ይጠፋብናል። እኔ ራሴ ስለ ሰውየው በደንብ ያሰብኩት ጉልበቴ ተጎድቶ ኳስ ካቆምኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን በክራንች እያነከስኩ በስታዲየሙ በር ሳልፍ፣ ሜዳው የተሰየመለት ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን በዊልቸር እንዳሳለፈ ትዝ አለኝና ቆም አልኩ።

ስለ ሻምበል አበበ ስናወራ ሮም ላይ እንቀራለን። አይፈረድብንም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ፣ ያኔ እዚያው ሮም በነበረው የአክሱም ሐውልታችን አጠገብ አልፎ፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሌላ ምን ይወራል? ቶኪዮም አለ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በአምስት ሳምንቱ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እኔን የሚይዘኝ ግን 1961 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም መከራ የደረሰበት በዚያው ዓመት ነው። እርግጥ እግሩ ቀደም ብሎ፣ በ1959 ክረምት፣ ስፔን ዛራውዝ ላይ አስቸግሮት ነበር፤ የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ ውድድሩን አቋርጧል። ጥቅምት 10 ቀን ሜክሲኮ ላይ ሲሰለፍ እግሩ ደህና አልነበረም። አገር ሦስተኛ ወርቅ ይጠብቃል፤ እሱ 36 ዓመቱ ነው። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሩጫው ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። እኛ በማሞ ተደስተን አለፍነው እንጂ፣ ያን ጊዜ ከመንገዱ ዳር የወጣውን ሰው ልብ ማን አየው?

አምስት ወር ቆየ። መጋቢት 13 ማታ ቮልሱን እየነዳ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ እንደተያዘ አደረ። ይቺን ሌሊት ማለፍ ያቅተኛል። የሸኖን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንገቱ ላይ በደረሰው ጉዳት እጁም እግሩም አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ እንደወጡ ቀሩ። ያ ሆስፒታል ደግሞ ተራ ሆስፒታል አይደለም፤ ዶክተር ጉትማን በ1940 ዓ.ም. የዊልቸር ውድድር የጀመሩበት፣ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የተወለደበት ነው። አበበም በ1962 ክረምት እዚያው በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄደ፤ የተጠራው በእንግድነት ነበር፣ እሱ ግን ውድድር ገባ። በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ የተካሄደውን ሩጫ አሸነፈ። የመንዲዳ አካባቢ ልጅ፣ በበረዶ፣ በውሻ! ይሄ እኮ ከሮም አያንስም።

በ1964 ሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ተነስቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ፤ የአደጋው ጣጣ ነበር። ገና 41 ዓመቱ። ዮሴፍ ቤተክርስቲያን ሲቀበር አሥር ሺዎች ወጡ፤ ንጉሡም ነበሩ።

ባለፈው ከስታዲየሙ በር ላይ ኳስ ይዞ ጓደኞቹን የሚጠብቅ ልጅ አገኘሁና አበበ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። በባዶ እግሩ የሮጠው ነው አለኝ፣ ቀላል ጥያቄ የጠየቅኩት ይመስል። ቀስት ይወረውር እንደነበር ስነግረው አላመነኝም። ከዚያ ስንተኛ ወጣ ብሎ ያዘኝ። የውሻውን ውድድር ነገርኩት፤ አንደኛ።