ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊና የመጻሕፍቱ ፍሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥቅምት 22 ቀን የወንጌላዊውን የቅዱስ ሉቃስን በዓለ ዕረፍት ታከብራለች። ከ27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በስሙ የሚጠራውን ወንጌልና የሐዋርያት ሥራን የጻፈልን እርሱ ነው። መጻሕፍቱ ሁለት ብቻ ቢሆኑም በመጠናቸው የሐዲስ ኪዳንን ሩብ ያህል ይይዛሉ።

ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ጸሓፊዎች ሲነሣ ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ይሰማሉ። አንደኛው፣ መጻሕፍቱን የጻፉት ሰዎች ስለ ሆኑ ከማንኛውም የሰው ድርሰት አይለዩም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጸሓፊዎቹን ዕውቀትና ፈቃድ እንደሌላቸው መሣሪያዎች ቆጥሮ ድካማቸውን የሚዘነጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን መጻሕፍቱ በመንፈስ ቅዱስ ምሪት የተጻፉ፣ ቅዱሳን ሰዎችም በፈቃዳቸው፣ በዕውቀታቸውና በድካማቸው ያገለገሉባቸው መሆናቸውን ታስተምራለች። የቅዱስ ሉቃስ ሕይወት ለዚህ ትምህርት ግልጥ ምስክር ነው።

ትውልዱና ሙያው

ቅዱስ ሉቃስ የአንጾኪያ ሰው እንደ ነበረ የጥንት አባቶች ጽፈዋል። አንጾኪያ በሶርያ የምትገኝ፣ የጽርእ ቋንቋና ጥበብ የሠለጠነባት፣ ምእመናን ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩባት ከተማ ናት (ሐዋ. 11፥26)። ሙያውም ሕክምና ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት ባለ መድኃኒትነቱንም ተወዳጅነቱንም አንድ ላይ መስክሮለታል (ቆላ. 4፥14)።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ከ72ቱ አርድእት ጋር ይቈጠራል። ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ጌታ ከተገለጠላቸው ከሁለቱ መንገደኞች አንዱ ቀለዮጳ ሲሆን፣ ስሙ ያልተጠቀሰው ሁለተኛው ራሱ ቅዱስ ሉቃስ እንደ ሆነ መምህራን ያስተምራሉ። በወንጌሉም ሆነ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ስሙን አንድም ጊዜ አለመጻፉ ስለ ትሕትናው ይናገራል።

ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር

የሐዋርያት ሥራን በማስተዋል የሚያነብ ሰው በምዕራፍ 16 አንድ ለውጥ ይመለከታል። እስከዚያ ድረስ ጸሓፊው ሐዋርያት ያደረጉትን እንደ ሌሎች ታሪክ ሲተርክ ቆይቶ፣ ከጢሮአዳ ወደ መቄዶንያ በተደረገው ጉዞ ግን ራሱን ከተጓዦቹ ጋር አንድ አድርጎ መናገር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የምናገኘው በፊልጵስዩስ፣ ወደ ኢየሩሳሌም በተደረገው መንገድ፣ በመጨረሻም ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም በተወሰደበት መርከብ ላይ ነው።

ያ የባሕር ጉዞ ለዐሥራ አራት ቀናት በማዕበል የተንገላታ ነበር። በመርከቡ 276 ነፍስ እንደ ነበረ፣ ሁሉም ወደ መላጥያ ደሴት በደኅና እንደ ወጡ የመዘገበልን ከእነርሱ ጋር የነበረው ቅዱስ ሉቃስ ነው (ሐዋ. 27፥37-44)።

የታማኝነቱ ዋና ምስክር የሚገኘው ግን በሮም ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የዕረፍቱ ጊዜ መቃረቡን ዐውቆ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ዴማስ ይህን ዓለም ወድዶ እንደ ተለየው፣ ሌሎቹም በየስፍራው እንደ ሄዱ፣ ከእርሱ ጋር የቀረው ሉቃስ ብቻ እንደ ሆነ ገልጧል (2ጢሞ. 4፥10-11)። የእስረኛ ወዳጅ መሆን ለሞት በሚያበቃበት በዚያ ጊዜ ከወኅኒው አልራቀም።

እንዴት ጻፈ?

ቅዱስ ሉቃስ የጻፈበትን መንገድ በወንጌሉ መግቢያ ራሱ ገልጦልናል (ሉቃ. 1፥1-4)። ከመጀመሪያው ጀምረው በዐይናቸው ካዩትና ቃሉን ካገለገሉት ተቀብሎ፣ ሁሉን በጥንቃቄ መርምሮ፣ በቅደም ተከተል ለቴዎፍሎስ ጻፈለት። ምክንያቱም ቴዎፍሎስ የተማረው ትምህርት እውነተኛ መሆኑን አረጋግጦ እንዲያውቅ ነው። እንግዲህ መንፈስ ቅዱስ የጸሓፊውን ምርምር አላስቀረበትም፤ ቀደሰለት እንጂ።

ባለ መድኃኒትነቱም በአጻጻፉ ይታያል። የስምዖን ጴጥሮስ አማት በንዳድ መታመሟን ሌሎች ወንጌላውያንም ሲጽፉ፣ ንዳዱ ብርቱ እንደ ነበረ የጨመረ እርሱ ነው (ሉቃ. 4፥38)። በምኵራብ የተፈወሰው ሰው የሰለለች እጁ ቀኝ እጁ መሆኗን የነገረን እርሱ ብቻ ነው (ሉቃ. 6፥6)። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት የተቈረጠችውን የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ጆሮ ዳስሶ እንደ ፈወሳትም ከእርሱ በቀር የጻፈ የለም (ሉቃ. 22፥51)።

ከሁሉ በላይ ግን የእመቤታችንን ዜና በስፋት የጻፈልን እርሱ ነው። ብሥራተ ገብርኤል፣ ወደ ኤልሳቤጥ ያደረገችው ጉዞ፣ የምስጋና ጸሎቷ፣ የእረኞች ደስታ፣ የአረጋዊው ስምዖንና የነቢይቱ ሐና ምስክርነት፣ ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ መገኘቱ የተመዘገቡት በእርሱ ወንጌል ነው። እመቤታችን ይህን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው እንደ ነበር ደጋግሞ መጻፉን መሠረት አድርገው፣ መምህራን ከራሷ ከእመቤታችን እንደ ሰማው ያስተምራሉ። ሥዕሏንም መጀመሪያ የሣለ እርሱ እንደ ሆነ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል፤ መስከረም 10 ቀን የምትታሰበው የጼዴንያ ማርያም ሥዕልም የእርሱ ሥራ ናት ተብላ ትከበራለች።

ወንጌሉን በካህኑ በዘካርያስ የቤተ መቅደስ አገልግሎት ስለ ጀመረ ከአራቱ እንስሳ የመሥዋዕት ምሳሌ በሆነው በላሕም ገጽ ተመስሏል።

የጻፈች እጅ

የሰማዕትነቱን ዜና መጽሐፈ ስንክሳር እንዲህ ይተርከዋል። ቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ በሮም ሰማዕትነትን ከተቀበሉ በኋላ ቅዱስ ሉቃስ ስብከቱን አላቋረጠም። ጠላቶቹም ብዙዎችን በአስማት አሳተ ብለው በኔሮን ቄሣር ዘንድ ከሰሱት። ጊዜው መድረሱን ባወቀ ጊዜ መጻሕፍቱን በባሕር ዳር ላገኘው ለአንድ ዓሣ አጥማጅ በአደራ ሰጠ። ለራሱ መሸሸጊያ ሳይፈልግ ለመጻሕፍቱ ጠባቂ ፈለገላቸው።

ንጉሡም ያን ሁሉ መጻሕፍት የጻፈች ቀኝ እጁ እንድትቈረጥ አዘዘ። ቅዱሱ የአምላኩን ኃይል ያሳይ ዘንድ የተቈረጠችውን እጁን አንሥቶ ወደ ስፍራዋ መለሳት፤ እንደ ቀድሞዋም ሆነች፤ ዳግመኛም ለያት። ይህን ያዩ የንጉሡ ሹም፣ ሚስቱና ሌሎችም ብዙዎች አምነው ከእርሱ ጋር አንገታቸውን ተቈርጠው የሰማዕትነት አክሊልን ተቀዳጁ። ሥጋውም በከረጢት ሆኖ ወደ ባሕር ቢጣልም ማዕበሉ ወደ ደሴት አደረሰው፤ አንድ ምእመንም በክብር ቀበረው።

ኔሮን እጁን ቢያስቈርጥም እጁ የጻፈችውን ግን ሊያጠፋ አልቻለም።

በምእመናን ሕይወት ያፈራው ፍሬ

የእርሱ መጻሕፍት ባይኖሩ ዓመታዊው የበዓላት ሥርዓታችን ምን ያህል እንደሚጎድል እናስብ። መጋቢት 29 የምናከብረው ብሥራት፣ የካቲት 8 የሚከበረው የስምዖን በዓል፣ ሰኔ 30 የሚከበረው የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ታሪካቸውን የምናነበው በሉቃስ ወንጌል ነው። ዕርገት ከትንሣኤ በ40ኛው ቀን መሆኑን፣ በበዓለ ጰራቅሊጦስም መንፈስ ቅዱስ በእሳት ልሳን መውረዱን ያወቅነው ከሐዋርያት ሥራ ነው። በየቅዳሴው የጳውሎስ መልእክትና የሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት ከተነበቡ በኋላ ንፍቁ ካህን ግብረ ሐዋርያትን ያነባል።

ፍሬው ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ወደ ኅብረተሰቡም ደርሷል። ደጉ ሳምራዊ፣ የጠፋው ልጅ፣ ባለጸጋው ነዌና አልዓዛር፣ ቀራጩ ዘኬዎስ፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ይቅርታ ማግኘቱ የሚገኙት በዚህ ወንጌል ብቻ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ረኀብ በገባ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጸጋ በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን ምሳሌ (ሉቃ. 12፥16-21) እየተረጎመ እህል ያከማቹትን ገሠጸ። ከቂሳርያ ከተማ ውጭም ሕሙማን፣ ለምጻሞችና እንግዶች የሚረዱበትን ታላቅ የምጽዋት ቤት አቋቋመ።

በሀገራችንም የዝክርና የተዝካር ማዕድ ለነዳያን ሲቀርብ፣ ግብዣ ስናደርግ ድሆችንና አካል ጉዳተኞችን እንድንጠራ የታዘዘው በሥራ ይታያል (ሉቃ. 14፥12-14)። በዐድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የግእዝ ወንጌላት ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደ ተጻፉ በሳይንሳዊ ምርመራ ታውቋል፤ በውስጣቸውም የወንጌላውያኑ ሥዕል ይገኛል። ነገሥታቱ ለአድባራትና ለገዳማት የሰጡት ርስትና ጉልት በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ የነበረውም፣ ወንጌል ፊት የተዋዋሉትን ማፍረስ ስለሚያስፈራ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ልዩ ስጦታ አለው። የህንደኬ በጅሮንድ ጃንደረባው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ነቢዩ ኢሳይያስን እያነበበ ፊልጶስ እንደ ደረሰለት፣ አምኖም እንደ ተጠመቀ በመጽሐፍ የምናገኘው ቅዱስ ሉቃስ ስለ ጻፈው ነው (ሐዋ. 8፥26-39)።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ሆኖ ያነብብ ነበር፤ የሚተረጉምለትም ፈለገ። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ በእጅ ስልካችን ሳይቀር ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ስንቶቻችን የሉቃስን ወንጌል 24 ምዕራፎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበናል? ስንቶቻችንስ ያልገባንን አባቶችንና መምህራንን እንጠይቃለን? በደጃችን የወደቀውን አልዓዛር አልፈን እየሄድን የነዌን ታሪክ ማወቃችን ብቻ አያድነንም።

ቅዱስ ሉቃስ መርምሮ ጻፈ፤ ከታሰረው ወዳጁ ሳይለይ አገለገለ፤ መጻሕፍቱን በአደራ ሰጥቶ ራሱን ለሞት አቀረበ። ከዓሣ አጥማጁ ጀምሮ በብራና የገለበጡ ጸሓፍት፣ በገዳማት የጠበቁ መነኮሳት፣ በየጉባኤው የተረጎሙ መምህራን ያችን አደራ እየተቀባበሉ ለእኛ አድርሰዋታል። እኛም አንብበንና ኖረንበት ለልጆቻችን ልናስተላልፈው ይገባናል።

የወንጌላዊው የቅዱስ ሉቃስ በረከቱ ይደርብን፤ የእመቤታችን ምልጃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።