በበረት የሞተው ንጉሥ፤ የዌልስ ጂፕሲዎች አባት አብራም ውድ

ዌልስ ውስጥ፣ በካርዲጋን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባሕሩን ቁልቁል እያየች የቆመች ላንጌሊኒን የምትባል ትንሽ ጥንታዊ ቤተክርስቲያን አለች፡፡ በዚህች አጥቢያ የቀብር መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1799 አንድ ሽማግሌ መቀበሩ ተጽፏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ መዝገቡ ስሙን አብራም ውድስ ሲል፣ ማንነቱን ደግሞ ተጓዥ ግብፃዊ ብሎ ያልፋል፡፡ አባቱ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተወለደ፣ ምን ሠርቶ እንደሚኖር አንዳችም አልተጻፈም፡፡

ሰውየው ከግብፅ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፡፡ ነገር ግን ከእርሱ የተወለዱት ሰዎች በዌልስ ተራሮች መካከል ትልቅ ነገድ ሆነዋል፡፡ የዌልስ ሕዝብ መንገድ ለመንገድ የሚዞሩ ጂፕሲዎችን ሲያይ፣ የአብራም ውድ ቤተሰብ መጡ ይል ነበር፡፡ ከእርሱ ያልተወለዱት ሳይቀሩ በእርሱ ስም ይጠሩ ነበር፡፡ በበረት ውስጥ እንደሞተ የሚነገርለት አንድ ሰው ስሙ የሕዝብ መጠሪያ እስኪሆን ያደረሰው ምንድን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ይቃኛል፡፡

የግብፃዊነቱ ነገር

በመጀመሪያ የመዝገቡን ስህተት እናጥራ፡፡ ጂፕሲዎች ወይም ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ሮማዎች፣ አባቶቻቸው ከህንድ የወጡት ከዛሬ 1000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፡፡ በፋርስ፣ በአርመንና በግሪኮች አገር አልፈው በመላው አውሮፓ ተበተኑ፡፡ አውሮፓውያን ግን እነዚህ ጠይም መልክ ያላቸው እንግዶች ከግብፅ የመጡ መስሏቸው ግብፃውያን አሏቸው፡፡ ጂፕሲ የሚለው ቃል ራሱ ኢጂፕሽያን ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው፡፡

እውነቱ የተገለጠው በቋንቋቸው ነው፡፡ ሩዲገር የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1782 የጂፕሲዎች ቋንቋ ከህንድ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና እንዳለው በጽሑፍ አሳየ፡፡ ማስረጃው ቀላል ነው፡፡ ጂፕሲዎች ከአንድ እስከ አምስት ሲቆጥሩ የክ፣ ዱይ፣ ትሪን፣ ሽታር፣ ፓንሽ ይላሉ፡፡ ህንዶቹ ደግሞ ኤክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፓንች ይላሉ፡፡ ውሃን ሁለቱም ፓኒ ይሉታል፡፡ አብራም ውድ በግብፃዊነት የተመዘገበው ይህ ግኝት ከታተመ ከ17 ዓመት በኋላ ነበር፡፡ የምሁራኑ ወሬ ወደ ዌልስ ገጠር ገና አልደረሰም ማለት ነው፡፡

ሕግ ያሳደደው ሕዝብ

ግብፃዊ መባል ግን ቀላል ስያሜ አልነበረም፡፡ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1530 ባወጣው ሕግ፣ ግብፃውያን የሚባሉት ወደ አገሩ እንዳይገቡ፣ የገቡትም እንዲወጡ አዘዘ፡፡ በ1554 በንግሥት ሜሪ ዘመን ደግሞ ከአንድ ወር በላይ በአገሪቱ የቆየ ጂፕሲ በሞት እንዲቀጣ ተደነገገ፡፡ በ1562 ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሕጉን አጥብቃ፣ ከጂፕሲዎች ጋር አብሮ የተገኘና እነርሱን መስሎ የሚኖር ሁሉ በዚያው ቅጣት እንዲጠየቅ አደረገች፡፡ ዌልስም በእንግሊዝ ሕግ ሥር ስለነበረች ሕጉ እዚያም ይሠራ ነበር፡፡

በአብራም ዘመን ሰቀላው ቀርቷል፡፡ ሆኖም የ1562ቱ ሕግ ከመጽሐፍ የተፋቀው በ1783 ነው፡፡ በ1744 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በጂፕሲ አለባበስና ሁኔታ የሚዞሩትን ከወሮበሎች ጋር ቆጥሮ ለግርፋትና ለእስር ይዳርጋቸው ነበር፡፡ አብራም ዕድሜውን አብዛኛውን የኖረው፣ ማንነቱ ብቻውን ወንጀል ሆኖ በተጻፈበት አገር ነው ማለት ነው፡፡ እንዲህ ያለ ሰው ሰነድ አይተውም፡፡ መሬት የለውም፣ ግብር አይከፍልም፣ ዳኛና ጸሐፊ ካለበት ቦታ መራቅን ይመርጣል፡፡ ታሪኩ እንግዲህ የሚገኘው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከቤተክርስቲያን መዛግብትና ከልጅ ልጆቹ አፍ፡፡

ባለ ብር ቁልፉ ሽማግሌ

የልጅ ልጆቹ እንደሚተርኩት አብራም ወደ ዌልስ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከእንግሊዝ በኩል ነው፡፡ ቁመተ ረጅም፣ ጠይም፣ ግርማ ያለው ሰው ነበር ይሉታል፡፡ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ያደርጋል፣ ሐር ይለብሳል፣ የካፖርቱና የሰደርያው ቁልፎች ከእውነተኛ የብር ሳንቲሞች የተሠሩ ናቸው፡፡ ጣቶቹ ላይ የወርቅ ቀለበት አለ፡፡ በእግሩ ሳይሆን በጥሩ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፡፡ ቫዮሊኑ ከእጁ አይለይም፡፡ የጂፕሲዎች ንጉሥ ይባልም ነበር፡፡

ይህ ንጉሥ ግን ቤተ መንግሥት ቀርቶ ድንኳን እንኳ አልነበረውም፡፡ እርሱና ቤተሰቡ የሚያድሩት ገበሬዎች በሚፈቅዱላቸው ጎተራና በረት ውስጥ ነበር፡፡ ለማደሪያቸው የሚከፍሉት በሙዚቃ፣ በተረትና በእጅ ሥራ ነው፡፡ በክረምት ረጅም ሌሊት፣ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ገበሬ ቤት ተሰብስቦ ሲጨፍር ቫዮሊኑን የሚመታው ጂፕሲው ነው፡፡ ሕጉ ወንጀለኛ ይበለው እንጂ፣ ገበሬው እንግዳዬ ብሎ ይቀበለው ነበር፡፡

ቫዮሊንን ወደ ዌልስ መጀመሪያ ያመጣው አብራም ነው የሚል አፈ ታሪክም አለ፡፡ ይህ የዘር ክብር የጨመረው ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ መሣሪያው ቀደም ብሎ በዌልስ ይታወቅ ነበርና፡፡ መቶ ዓመት ሞልቶት ሞተ የሚለውም እንዲሁ ከቤተሰቡ ትረካ የመጣ ነው፡፡ አሟሟቱን በተመለከተ የሚተረከው፣ ከፍታው 893 ሜትር በሆነው በካደር ኢድሪስ ተራራ አካባቢ በአንድ የከብት በረት ውስጥ ማረፉን ነው፡፡ መቀበሩ ግን ትረካ አይደለም፤ መዝገቡ ይመሰክራል፡፡

የጠፋውን የዘር ሐረግ ፍለጋ

የእኛ ሰው ሰባት ቤት መቁጠር ያውቃል፤ የአባት ስም የልጅ መጠሪያ ሲሆን ሐረጉን መከተል ምን ያህል እንደሚያደክምም ያውቃል፡፡ የዌልስ ሰዎችም የቆየ ልማድ ከዚህ ብዙም አይርቅም፡፡ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለነበር፣ የቤተሰብ ስም በየትውልዱ ይለዋወጣል፡፡ ጂፕሲዎቹም ይህንን ልማድ ወረሱ፡፡ ለምሳሌ የአብራም ልጅ ቫለንታይን፣ ጆን አብራም ውድስ በሚል ስምም ይታወቅ ነበር፡፡ ከዚያ በታች ያሉት አንዳንዶቹ ጆንስ፣ አንዳንዶቹ ሮበርትስ ሆኑ፡፡ ውድ የሚለውን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ዘር ያጣዋል፡፡

ስለዚህ ፈላጊዎቹ የሠሩት ሁለቱን ምንጮች ማስታረቅ ነው፡፡ ሽማግሌዎቹ የነገሯቸውን የትውልድ ቆጠራ ይዘው፣ ጂፕሲ፣ ተጓዥ ወይም ግብፃዊ የሚል ቃል ያለበትን የጥምቀትና የቀብር መዝገብ በየአጥቢያው ማገላበጥ፡፡ በዚህ መንገድ ሦስት ወንዶች ልጆች፣ ቫለንታይን፣ ዊልያምና ሰለሞን፣ እንዲሁም ዳማሪስ የተባለች ሴት ልጅ ተለይተው ታወቁ፡፡ የዌልስ ጂፕሲዎች ታላላቅ ቤተሰቦች የሚቀዱት ከእነዚህ ነው፡፡

ከቫዮሊን ወደ ሃርፕ

የአብራም ዘሮች ከአያታቸው ቫዮሊን በተጨማሪ የዌልስን ብሔራዊ መሣሪያ፣ ሃርፕን፣ የራሳቸው አደረጉ፡፡ በተለይ በሦስት ረድፍ አውታር የተሠራውንና ለመጫወት እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ትልቁን ሃርፕ፡፡ ጊዜው ደግሞ የሚገርም ነበር፡፡ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዌልስ የተነሣው የሜቶዲስቶች የሃይማኖት መነቃቃት ጭፈራንና ዓለማዊ ዜማን እንደ ኃጢአት ስለቆጠረ፣ ብዙ የአገሬው ሰው ሙዚቃውን እርግፍ አድርጎ ተወ፡፡ አገሬው የጣለውን የአገሬውን ዜማ አንስተው የያዙት፣ መጤ የሚባሉት ጂፕሲዎች ሆኑ፡፡

ከዘሩ መካከል ጄረማያ ውድ በአበሪስትዊዝ አቅራቢያ በሚገኘው በጎገርዳን የባላባት ቤት ለብዙ ዓመታት ሃርፕ መቺ ሆኖ ኖረ፡፡ የጄረማያን ልጅ ያገባው ጆን ሮበርትስ ግን ከሁሉም በላይ ስሙ ገነነ፡፡ በ1816 የተወለደው ይህ ሰው በእናቱ በኩል ከአብራም ልጅ ከዊልያም ይወለዳል፡፡ በልጅነቱ በወታደር ቤት ከበሮ መቺ ነበር፡፡ ኋላ በኒውታውን ከተማ ተቀምጦ በሃርፕ ውድድሮች እያሸነፈ ታዋቂ ሆነ፤ ልጆቹንም አስተምሮ የቤተሰብ ባንድ አቋቋመ፡፡ በ1886 የዌልስ ሃርፐኛ የሚል የክብር ስም ተሰጠው፡፡ በ1889 ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ ባላ አካባቢ ወዳለው ፓሌ ወደሚባል የባላባት ቤት በመጡ ጊዜ፣ ከልጆቹ ጋር በፊታቸው ተጫወተ፡፡ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በሞት ሕግ ያሳደደቻቸው ሰዎች ዘር በሌላ ንግሥት ፊት በክብር ቀረበ ማለት ነው፡፡

ሮበርትስ ሙዚቀኛ ብቻ አልነበረም፡፡ ፍራንሲስ ሂንድስ ግሩም ለተባለው የጂፕሲዎች አጥኚ በአባቶቹ ቋንቋ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፡፡ የቤተሰቡ ታሪክ በጽሑፍ መያዝ የጀመረው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው፡፡

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ

ጆን ሮበርትስ ያረፈው በ1894 ነው፡፡ የዚያኑ ዓመት በጋ ጆን ሳምፕሰን የተባለ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በባላ ከተማ ኤድዋርድ ውድ ከሚባል ሃርፐኛ ጋር ተገናኘ፡፡ ሳምፕሰን በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ በሕትመት ሙያ ያደገ፣ ቀሪውን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው፡፡ የኤድዋርድን ንግግር ሲሰማ ጆሮውን ማመን አቃተው፡፡ የእንግሊዝ ጂፕሲዎች ቋንቋቸውን አጥተው ጥቂት ቃላት ከእንግሊዝኛ ጋር ቀላቅለው ሲናገሩ፣ የአብራም ዘሮች ግን ከነሰዋስዉ ጠብቀውታል፡፡ ተራሮቹና የቤተሰቡ ትስስር ለቋንቋው መጠለያ ሆነውታል፡፡

ሳምፕሰን ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ይህን ቋንቋ ሲሰበስብ ኖረ፡፡ ማቲው ውድ ከሚባለው ጎበዝ ተረት አዋቂ ጋር ተቀምጦ ተረቶቹን ጻፈ፡፡ የልፋቱ ውጤት የሆነው ትልቁ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት መጽሐፍ በኦክስፎርድ በ1926 ታተመ፡፡ በ1931 ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ፎይል ጎክ በተባለ የዌልስ ተራራ ላይ ሲበተን፣ የውድ ቤተሰብ ሙዚቀኞች ተገኝተው ተጫወቱለት፡፡ የልጅ ልጁ አንቶኒ ሳምፕሰን በ1950ዎቹ በጆሃንስበርግ የድረም መጽሔት አዘጋጅ የነበረው፣ በ1999 ደግሞ የኔልሰን ማንዴላን የሕይወት ታሪክ ያሳተመው ጋዜጠኛ ነው፤ የአያቱንም ታሪክ በ1997 መጽሐፍ አድርጎታል፡፡

ሰባተኛው ቤት

አብራምን አንድ ብለን በዊልያምና በጆን ሮበርትስ በኩል ብንቆጥር፣ ሰባተኛው ቤት ላይ ኤልድራ ጃርማንን እናገኛለን፡፡ ኤልድራ (1917-2000) የጆን ሮበርትስ የልጅ ልጅ ልጅ ስትሆን እርሷም ሃርፐኛ ነበረች፡፡ የዌልስ ቋንቋ ፕሮፌሰር ከነበረው ባለቤቷ ጋር ሆና በ1979 የጂፕሲዎቹን ታሪክ በዌልስ ቋንቋ አሳተመች፤ በ1991 በእንግሊዝኛም ወጣ፡፡ ስለ ልጅነት ሕይወቷም በስሟ የተጠራ ፊልም ተሠርቷል፡፡

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም፡፡ የአብራም ልጆች ቤት ሠርተው፣ ከአገሬው ተጋብተው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ባስገቡ ቁጥር ቋንቋቸው እየሳሳ ሄደ፡፡ ሳምፕሰን የሰበሰበው ያ ንጹሕ ንግግር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የዕለት ተዕለት መግባቢያ መሆኑ አበቃ፡፡ ስደቱና የሞት ሕጉ ያላጠፋውን ቋንቋ፣ ሰላሙና ጉርብትናው አጠፋው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ዜማው ግን ተርፏል፡፡ ከጂፕሲዎቹ ሃርፐኞች የተማረችው ናንሲ ሪቻርድስ (1888-1979) ባለ ሦስት ረድፉን ሃርፕ ለሌላ ትውልድ አስተላለፈች፡፡ እርሷን የተከተሉት ወጣቶች ዛሬም በዌልስ መድረኮች ይጫወቱታል፡፡ ብዙ አድማጭ ጥንታዊ የዌልስ ሙዚቃ ብሎ የሚያዳምጠው ዜማ፣ በአንድ ወቅት በጎተራ ውስጥ ለማደሪያ ኪራይ ይከፈል የነበረው ዜማ ነው፡፡