ሎሬንጾ ጊቤርቲ፦ በሁለት የነሐስ በሮች ላይ ያለፈ ዕድሜ

ሎሬንጾ ጊቤርቲ በ1378 እ.ኤ.አ. ገደማ በፍሎሬንስ አካባቢ ተወለደ። ሙያውን ያስተማረው ወርቅ ሠሪው እንጀራ አባቱ ባርቶሉቾ ነበር። በ1400 ከተማዋን ወረርሽኝ በመታት ጊዜ ወደ ፔሳሮ ሄዶ በሥዕል ሥራ ተሰማርቶ ሳለ፣ የፍሎሬንስ የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ለቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ጥምቀት የነሐስ በር የሚሠራ ባለሙያ በውድድር ሊመርጥ መሆኑን ሰማ፤ ሥዕሉን ትቶም ተመለሰ።

ለፍጻሜ የቀረቡት 7 ባለሙያዎች የይስሐቅን መሥዋዕትነት በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲቀርጹ ታዘዙ። ከሥራዎቹ እስከ ዛሬ የተረፉት የጊቤርቲና የፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በባርጄሎ ሙዚየም ይገኛሉ። ስለ ውጤቱ ግን ምንጮቹ አይስማሙም። ጊቤርቲ በስተርጅናው በጻፈው መጽሐፍ 34ቱ ዳኞች ያለ ልዩነት እንደ መረጡት ሲገልጽ፣ የብሩኔሌስኪ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሥራው ለሁለቱ በጋራ ቀርቦ ብሩኔሌስኪ እንዳልተቀበለ ይተርካል። ሁለቱም ወደየወገናቸው ስለሚያደሉ የተሻለው ምስክር ነሐሱ ራሱ ነው። ብሩኔሌስኪ ምስሎቹን ለየብቻ ሠርቶ በሰሌዳው ላይ አያያዛቸው፤ ጊቤርቲ ግን ከጥቂት ክፍሎች በቀር ሁሉንም በአንድ ላይ አፈሰሰ። በዚህም ሰሌዳው 7 ኪሎ ግራም ያህል ቀለለ። ነሐስ እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን፣ 28 ሰሌዳ ለሚያሠራ ማኅበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የአሠራሩ መሠረት ሰም ነው። በሰም የተሠራው ቅርጽ በሸክላ ይለበጣል፤ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይገባል። የኢትዮጵያ መስቀል ሠሪዎችም ይህንኑ ጥበብ ያውቁታል። ከቅልጡ የሚወጣው ነሐስ ሻካራ በመሆኑ ዓመታትን የሚፈጀው በመሮ መጥረቡና ማለስለሱ ነው። በመጨረሻም ወርቅ ከሜርኩሪ ጋር ተዋሕዶ ይቀባል፤ እሳት ሲነካው ሜርኩሪው ይተንናል፣ ወርቁ ይቀራል። እንፋሎቱ ለሠራተኛው መርዝ ነበር።

የመጀመሪያው በር ከ1403 እስከ 1424 ወሰደ። ዶናቴሎን የመሳሰሉ ወጣቶች በዚያ ሥራ ቤት አልፈዋል። በ1425 ሁለተኛው በር ለዚሁ ባለሙያ ተሰጠ፤ 28ቱ ጠባብ ሰሌዳዎች ለ10 ሰፋፊዎች ቦታ ለቀቁ።

ከዐሥሩ አንዱ የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ግንኙነት ነው። ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 ለጉባኤው ፍሎሬንስ ስለ ገቡ፣ ምስሉን ከእነርሱ መምጣት ጋር ማያያዝ ያጓጓል። ነገር ግን ሰሌዳዎቹ ከነሐስ የወጡት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1430ዎቹ ነበር፤ ስለዚህ መነኮሳቱ ለቅርጹ አርአያ ሊሆኑ አይችሉም። ይልቁንም የሁለቱ ነገሥታት እጅ ለእጅ መያያዝ በወቅቱ ይታሰብ የነበረውን የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ያመለክታል የሚለው የአንዳንድ ሊቃውንት አስተያየት ሚዛን ይደፋል። መነኮሳቱ ሲደርሱ የማለስለሱ ሥራ ገና አላለቀም ነበር።

በሩ በ1452 ተፈጸመ፤ ጊቤርቲም ራሰ በራ ምስሉን በጠርዙ ላይ ትቶ በ1455 ዐረፈ። ማይክል አንጄሎ በሩን ለገነት የሚገባ እንዳለው ስለሚነገር፣ ስሙ የገነት በር ሆኖ ቀረ። በኅዳር 1966 ጎርፍ ሰሌዳዎችን ከበሩ ገነጠለ። በእድሳቱ ወቅት ከወርቁ ሥር ነሐሱ እየዛገ፣ ስስ ልባሱን ወደ ላይ እየገፋ መሆኑ ታየ። ስለዚህ ከ1990 ጀምሮ በቤተ ጥምቀቱ ላይ ቅጂ ቆሟል፤ ዋናው በር ከ2012 ወዲህ እርጥበት በማያገኘው የመስታወት ሣጥን ውስጥ በካቴድራሉ ሙዚየም ይታያል።