ሠላሳ ዓመት ጠብቆ ሄሊኮፕተርን ያበረረው ኢጎር ሲኮርስኪ

በዓለም የአቪዬሽን ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳ ሰዎች አንዱ የሆነው ኢጎር ሲኮርስኪ፣ እ.ኤ.አ ሜይ 25 ቀን 1889 በወቅቱ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው የኪየቭ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቁ የሥነ አእምሮ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ እናቱም የሕክምና ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የበረራ መሣሪያ ንድፍ በልጅነቱ ያወጉት እናቱ፣ ሕይወቱን በሙሉ ያልተለየውን ሕልም በልቡ ዘሩበት።

ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ በ1909 ወደ ፓሪስ ተጉዞ፣ ከእህቱ ባገኘው ገንዘብ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገዝቶ ወደ ኪየቭ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የሠራው የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ግን ከመሬት ሊነሳ አልቻለም። በቀጣዩ ዓመት የሠራው ሁለተኛው የራሱን ክብደት ከማንሳት አልፎ አብራሪ መሸከም ተሳነው። ሲኮርስኪ የዘመኑ ሞተርና ዕውቀት ለዚህ ዓላማ እንዳልደረሱ በመረዳት ሕልሙን አቆይቶ ፊቱን ወደ አውሮፕላን አዞረ።

አንድ ቀን በበረራ ላይ ሳለ ትንኝ የሞተሩን የነዳጅ መተላለፊያ በመዝጋቷ ሞተሩ ጠፍቶ በጭንቅ አረፈ። ይህ አጋጣሚ አንዱ ሞተር ቢቆም ሌሎቹ የሚያበሩት አውሮፕላን እንዲያስብ አደረገው። እ.ኤ.አ በ1913 ያበረረው ባለአራት ሞተር አውሮፕላን በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ተከታዩ ኢሊያ ሙሮሜትስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ሆኖ አገለገለ።

የ1917ቱ የሩሲያ አብዮት ግን ሀብቱንና ሥራውን አሳጣው። በፈረንሳይ በኩል አድርጎ እ.ኤ.አ በ1919 ኒውዮርክ ሲደርስ የሚያውቀው ሰው ጥቂት፣ የያዘውም ገንዘብ አነስተኛ ነበር። ለሩሲያ ስደተኞች የሂሳብ ትምህርት እያስተማረ ኑሮውን ገፋ። እ.ኤ.አ በ1923 ከስደተኛ ወገኖቹ ጋር በሎንግ አይላንድ በሚገኝ የዶሮ እርባታ ግቢ ውስጥ ኩባንያውን መሠረተ። የገንዘብ ችግር ሥራውን ሊያስቆም በተቃረበ ጊዜም ዕውቁ የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ራህማኒኖቭ 5 ሺህ ዶላር በመስጠት ታደገው።

ይሁን እንጂ ፈተናው በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 1926 ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ ሊበር የተሰናዳው ትልቅ አውሮፕላኑ፣ ከመጠን በላይ ተጭኖ ለመነሳት ሲንደረደር ወድቆ በመቃጠሉ ከአራቱ የበረራ ሠራተኞች የሁለቱ ሕይወት አለፈ። ኩባንያውን ከውድቀት ያዳነው በየብስም በውኃም ላይ የሚያርፈውና ከ100 በላይ የተሸጠው ኤስ-38 የተባለው አውሮፕላን ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ1929 የዩናይትድ ኤርክራፍት አካል ሆኖ በኮኔቲከት ግዛት ወደምትገኘው ስትራትፎርድ ተዛወረ።

እ.ኤ.አ በ1938 የትላልቅ የባሕር አውሮፕላኖች ገበያ በመቀዝቀዙ የበላይ ኃላፊዎች ክፍሉን ለመዝጋት ወሰኑ። ሲኮርስኪ በዚህ ጊዜ የጠየቀው የራሱን ጥቅም ሳይሆን፣ አብረውት የደከሙት መሐንዲሶች ሳይበተኑ ሄሊኮፕተር እንዲሠሩ ነበር፤ ጥያቄውም ተፈቀደለት።

በፈረንሳይና በጀርመን ቀደም ሲል የበረሩ ሄሊኮፕተሮች ሁለት ትላልቅ ተሽከርካሪ ክንፎች ነበሯቸው። ሲኮርስኪ ግን አንድ ትልቅ ተሽከርካሪ ክንፍ ከላይ፣ አንድ ትንሽ ደግሞ ከጅራቱ ላይ አደረገ። ትልቁ ሲሽከረከር አካሉን በተቃራኒ አቅጣጫ ሊያዞረው የሚሞክረውን ኃይል ትንሹ ይገታዋል። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1939 የ50 ዓመቱ ሲኮርስኪ በገመድ የታሰረችውን ቪኤስ-300 ራሱ አብርሮ ከመሬት አነሳት። ከመጀመሪያ ሙከራው 30 ዓመት አልፎ ነበር። በሜይ 1940 ደግሞ ያለ ገመድ በረረች።

ከዚህች የተገኘው አር-4 በብዛት የተመረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1944 በበርማ ጫካ የወደቁ ወታደሮችን አወጣ። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1945 ደግሞ ከስትራትፎርድ አቅራቢያ ማዕበል በነዳጅ መጫኛ ጀልባ ላይ ያገታቸውን ሁለት ሰዎች የኩባንያው ሄሊኮፕተር በገመድ ስቦ አዳነ። በወጣትነቱ ለጦርነት የዋለ አውሮፕላን የሠራው ሲኮርስኪ፣ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚኮራው ሄሊኮፕተር በሚያድነው የሰው ሕይወት ነበር።

ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ በ1957 ጡረታ ቢወጣም በአማካሪነት መሥራቱን ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 26 ቀን 1972 በ83 ዓመቱ በኮኔቲከት አረፈ። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2015 ወደ ሎክሂድ ማርቲን ቢዛወርም የመሥራቹን ስም እንደያዘ ይገኛል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ክንፍ ያለው ንድፉም ዛሬ በዓለም ላይ በሚበሩ አብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች ላይ ይታያል።